የኮሎኔሉ ኮት

ጥቅምት 4 ቀን

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። ልጅህም ደህና ናት። መርፌ ብለን የጠራናት ለቅጥነቷ ነበር፤ በጥያቄ መውጋት ከጀመረች ወዲህ ግን ስሙ የወጣላት ለምላሷ ነው የሚመስለው። ትናንት የስፌት መኪናውን ዘይት ስቀባ አጠገቤ ቆማ «አክስቴ፣ አባዬ እዚያ ሲያነጥሰው ማን ነው ይማርህ የሚለው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ጻፊና ራሱን ጠይቂው አልኳት።

«ሱቅ ድረስ መጥቶ ስለ እኔ የጠየቀ ሰው አለ ወይ?» ላልከኝ፣ አዎ፣ አለ። ያልጻፍኩልህ ልደብቅህ ፈልጌ አይደለም። እሺ፣ ልደብቅህ ፈልጌ ነው። ሁለተኛ አይመለሱም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ይቅር በለኝ።

ሁለት ናቸው። አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው ዝምተኛ። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወረድኩ። ከዜግነት ጉዳይ ቢሮ ነን አሉኝ። ወንድምሽ የት ነው? ምን ይሠራል? ለማን ይሠራል? «ልብስ ሰፊ ነው፤ የአባታችንን ሙያ ነው የያዘው። ሰው አገር ቢሄድም ያው መርፌና ክር ነው» አልኳቸው። ይሄኔ ዝምተኛው ከኪሱ ፎቶ አወጣና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

አንተ ነህ። የሰው አገር መኮንን ልብስ ለብሰህ፣ ትከሻህ ላይ ኮከብ ተደርድሮ፣ መንገድ ዳር ቆመህ ለወታደሮች ሰላምታ ትሰጣለህ።

«ይሄ ማን ነው?» አለኝ።

«ወንድሜን ይመስላል።»

«ይመስላል ወይስ ነው?»

መልስ ሳልሰጥ መርፌ ከተሰቀለው ጨርቅ ጀርባ ብቅ አለች። እንዳለች እንኳ ረስቻት ነበር። «አባዬ!» አለች። ደስ ብሏት ነው፣ ምን ታውቃለች? «አክስቴ፣ አባዬ ጄኔራል ሆነ እንዴ?»

ሰዎቹ ተያዩ። ረጅሙ ጉንጯን ነካ አደረገና «ጎበዝ» አላት። ከዚያ ወጡ። ምን ውስጥ ነው የገባኸው? ፓስፖርትህንስ አደሱልህ ወይ? ቶሎ ጻፍልኝ፤ እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 19 ቀን

እትዬ፣

ጄኔራል አልሆነም በያት። የኮሎኔል ኮት ነው። ካነጠሰኝም ታች ካውያ የሚይዘው ልብስ ተኳሽ በወለሉ ስንጥቅ በኩል ይማርህ ይለኛል፤ አታስብ በያት።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣብኝ። ከዚያ ግን ሳቁ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቤት ለከፈለው ሁሉ ይሰፋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ የዚህ አገር ጦር የመኮንኖቹን የክብር ልብስ እኛ ዘንድ ማሰፋት ጀመረ። ከመኮንኖቹ መሃል አንድ ኮሎኔል አለ፤ ትከሻችን፣ ደረታችን፣ የክንዳችን ርዝመት አንድ ነው። መንታ ብንሆን እንኳ እንዲህ አንገጥምም። የአባታችንን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ራሱ ለብሶ ያልዋለበት ልብስ ከሱቁ አይወጣም ነበር። አንቺስ በሙሽራ ሱሪ ዳቦ ልትገዢ ሄደሽ ሰፈሩን ያሳቅሽው ለዚሁ አይደል? እኔም የኮሎኔሉን ኮት ለበስኩና ወጣሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ይሄኔ ምልምል ወታደሮች ሲያልፉ አዩኝና ሰላምታ ሰጡኝ።

ምን ላድርግ? ኮሎኔል ማለት ቀኑን ሙሉ እጁን ግንባሩ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። እጅጌው ብብት ሥር ይይዝ እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረም። መለስኩላቸው። ደግሞም ይይዝ ነበር፤ ገብቼ አላላሁት። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ማን ፎቶ እንዳነሳኝ አላውቅም። ፓስፖርትህን አደሱልህ ወይ ላልሽኝ ግን፣ አላደሱልኝም። ቆንስላው ውስጥ ያለው ጸሐፊ ተቀበለኝና «ይቆይ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ምን ያህል እንደሚቆይ ስጠይቀው ወደ ግድግዳው ሰዓት አየና ለምሳ ሄደ። ያለ ፓስፖርት ደግሞ የዚህ አገር መኖሪያ ፈቃድ አይታደስም፤ ፈቃድ የሌለውን ሰው መንገድ ላይ ያገኙት እንደሆነ ይዘው ወደ ድንበሩ ይወስዱታል፤ ድንበሩ ደግሞ ያለ ፓስፖርት አያሳልፍም። ስለዚህ የምንቀሳቀሰው ከመኝታዬ እስከ ሥራ ቦታዬ ነው፤ በመሃላቸው ያለው አንድ ደረጃ ነው። ዳቦ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ዳቦ ተኳሹ ነው የሚያመጣልኝ። ክፍሌ መስኮት አላት፤ መስኮቷ የምታየው የጎረቤቱን ግንብ ነው። በካውያው እንፋሎት ልብሴ ሁሌም እርጥብ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢሰማኝ በአንዴ የሚያልቅ ነገር ነው። ሕጉ ምን እንደሚል ግን አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቂልኝ። አትደንግጪ።

ወንድምሽ

ኅዳር 8 ቀን

ወንድምዓለም፣

«ሕጉ ምን ይላል?» ብለህ ለጠየቅከኝ የማውቀው ሰው ጋ ሄድኩ፤ ማለቴ እሱ ነው የመጣው። ጠበቃውን ታስታውሰዋለህ፤ ሆዱ በየዓመቱ እየቀደመው ሱሪውን የማሰፋለት። ወንበር ላይ አቁሜ ወገቡን በስፒል ስይዝለት ጠየቅኩት። እስክጨርስ መውረድ ስለማይችል ሁሉንም አስረዳኝ።

መንግሥት ዜግነት የሚነጥቅበት ምክንያት ሦስት ነው አለኝ። አንደኛው፣ ዜግነቱን ዋሽቶና አታሎ ያገኘ ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ሳይፈቀድለት የሌላ አገር ጦር ወይም መንግሥት ያገለገለ። ሦስተኛው፣ በገዛ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ። አንተን የጠረጠሩህ በሁለተኛው ነው።

«ልብስ መስፋት ማገልገል ነው እንዴ?» አልኩት።

«ሕጉ አገለገለ ነው የሚለው፤ በምን አገለገለ አይልም። በምን የሚለውን የሚወስነው አንድ ሰውዬ ነው» አለኝ።

ሰውዬው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። አላውቀውም፣ ማንም አያውቀውም፣ በር የለውም፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚወጣው አለኝ። ሳላስበው በስፒሉ ወጋሁት መሰለኝ፣ ጮኸ።

አሁን የምጽፍልህን ተቀምጠህ አንብብ። የመርፌ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሌላ አገር ሰው ስለነበረች ልጅቷ ዜግነቷን ያገኘችው ባንተ ብቻ ነው። ያንተ ከተነጠቀ አብሮ የእሷም ይሄዳል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አባቱን ይከተላል ነው የሚለው። ከዚያ የውጭ አገር ሰው ተብላ ትመዘገባለች፣ የሰኔን ፈተና አትፈተንም፣ ውሎ አድሮ ወደ እናቷ አገር ትሸኛለች። እዚያ ማን አላት? ቋንቋቸውን አታውቅ፣ የሚቀበላት የለ። በጨለማ ሽንት ቤት መሄድ የምትፈራ ልጅ ናት እኮ።

ስለዚህ ሰው ፈልግ። ልብስ ሰፊ ነው እንጂ ወታደር አይደለም ብሎ ቆንስላው ፊት የሚናገርልህ ሰው ፈልግ፤ ስምና ክብር ያለው ይሁን። እኔም እዚህ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም።

እህትህ

ኅዳር 27 ቀን

እትዬ፣

«ሰው አገኘህ ወይ?» ላልሽኝ፣ አገኘሁ። ባላገኝ ይሻለኝ ነበር።

የልብስ ቤቱ ባለቤት ፈራ። በሽተኛ ነኝ አለ፣ ደግሞ የበሽታውን ዓይነት ሲጠየቅ ነገ እነግርሃለሁ አለ። እኔ ምን እንደሆንኩ የሚያውቀው ሌላ ሰው ኮሎኔሉ ነው። የአዲሱን ሱሪ ልክ ስወስድለት ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ ከልቡ ተቆጣልኝ። «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። በመኪናው አሳፈረኝ፤ መንገዱን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈዋል። ልቤን እንዴት ቀለል እንዳለኝ አልነግርሽም።

ሙሉ የክብር ልብሱን ለብሶ ነው የመጣው። እኔ የሰፋሁትን። ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሳ፣ ቆንስሉም ከውስጥ ወጣ። ኮሎኔሉ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ በታላቅ ድምፅ ምን እንዳለ ልንገርሽ? «ይሄ የኛ ሰው ነው። ለጦራችን ብዙ ደክሟል። እሱ ባይኖር ኖሮ በዓላችን ላይ ባዶ እጃችንን ነበር የምንቆመው። አስቸግራችሁታል ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ።»

ሊያሞግሰኝ ነው እኮ። ልብሱን ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ምንም ማለቱ አይደለም። ጸሐፊው ግን አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። «ጌታዬ፣ ልብስ ሰፊያችሁ ነው ማለትዎ ነው አይደል?» አልኩ። «ልብስ ሰፊ ብቻ? እንደ አንድ ወታደራችን ነው የማየው!» አለና አቀፈኝ። ቆንስሉ ፈገግ አለ። እንደዚያ ዓይነት ፈገግታ አይቼ አላውቅም፤ ከአፉ በላይ አልወጣም።

ስንመለስ ኮሎኔሉ አሁንም እንደተቆጣ ነበር። «እነሱ ካልፈለጉህ እኛ እንፈልግሃለን፤ የዚህን አገር ዜግነት በእኔ ጣለው፣ አስጨርስልሃለሁ» አለኝ። አመሰገንኩት። ልቀበል ወይ? ምከሪኝ። ደረጃዬን ወጥቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና በአንድ ቀን ስንት ደግ ሰው ሊገድለኝ ይችላል ብዬ አሰብኩ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 15 ቀን

ወንድምዓለም፣

ይህን በፖስታ አልላኩትም። ያለፈው ደብዳቤህ ተከፍቶ፣ መልሶ በሙጫ ተለጥፎ ነው የደረሰኝ፤ ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር። ጨርቅ ነጋዴዋ በወር አንዴ ስለምትሻገር ከአሁን በኋላ በእሷ እጅ ብቻ እንጻጻፍ።

«የኮሎኔሉን ነገር ልቀበል ወይ?» ላልከኝ፣ በእናታችን አፈር ይዤሃለሁ፣ እንዳትቀበል። ሦስተኛው ምክንያት እሱ ነው። አሁን የያዙህ በጥርጣሬ ነው፤ ያን ወረቀት የያዝክ ቀን የሚጠራጠሩት ነገር የለም። ልጅህም አብራህ ትሄዳለች። ካልተቀበልክ ደግሞ እዚያ የምትኖርበት ፈቃድ የለህም። አውቃለሁ። ጠበቃውም ያውቃል። «በሁለቱም በኩል ቆልፈውበታል» አለኝ፣ ሱሪው ተጠናቆ እንኳ ቁጭ ብሎ ቀረ።

አሁን ደግሞ ሳልጽፈው ብቀር የምወደውን ልጻፍ። ይህን ወረቀት ጀምሬ ትቼው ሥራ ሠርቼ ነው የተመለስኩበት፤ ቁልፍ ተከልኩ፣ ገበር ፈታሁ፣ መልሼ ሰፋሁ።

አንድ መንገድ አለ ይላል ጠበቃው። መርፌን እኔ በጉዲፈቻ ልውሰዳት። ፍርድ ቤት ካጸደቀው ዜግነቷ በእኔ በኩል ይሆናል፤ ያንተ ቢነጠቅ ወደ እሷ አይሻገርም። ግን ውሳኔው ሳይወጣ መቅደም አለበት። ቆንስላው ፊት ቀርበህ አባትነትህን ትተህ መፈረም አለብህ።

ሌላም አለ። ለይስሙላ ማድረግ አይቻልም። ለይስሙላ መሆኑ የታወቀ ቀን የመጀመሪያው ምክንያት ይመጣል፤ አታሎ ያገኘ የሚለው። ያኔ የሚነጠቀው የእሷ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ይመለሳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ደብዳቤ ይከፍታሉ። ስለዚህ ከፈረምክ በኋላ ልጄ ብለህ አትጽፍላትም። እሷም አባዬ አትልህም። ዛሬም፣ ነገም፣ አድጋም።

ይቅር በለኝ። ከእኔ ሌላ የሚነግርህ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱ በነገረህ ደስ ይለኝ ነበር።

እህትህ

ታኅሣሥ 28 ቀን

እትዬ፣

ጨርቅ ነጋዴዋ ታች ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ስለዚህ አላሳምረውም።

አልፈርምም። መርፌን እኔ ነኝ ያሳደግኳት። እናቷ ስትሞት ጡት አልተወችም ነበር፤ ወተቱን በካውያው እያሞቅኩ፣ ሙቀቱን በክንዴ እየለካሁ። ያን ጊዜ አንተ ማን ነህ ያለኝ መንግሥት አልነበረም። አሁን ያልሆንኩትን ወታደር ሆነሃል ሲሉኝ የሆንኩትን አባት ልተውላቸው?

አንቺ ቀላል ይመስልሻል። ልጅ ስትፈልጊ ኖረሽ ኖረሽ ይኸው በመንግሥት እጅ መጣልሽ። ሌላ መንገድ ካጣሁ በእግሬ እመጣለሁ፤ ድንበሩ ላይ ይግደሉኝ። ቢያንስ አባቷ ድንበር ላይ የሞተባት ልጅ ትባላለች።

ኮሎኔሉን እምቢ ብዬዋለሁ፤ ይህን ስላልሽኝ አይደለም። ተቀየመኝ። ኮቱን ሌላ ሰው ያጠብበዋል ከእንግዲህ።

ወንድምሽ

ጥር 16 ቀን

ወንድምዓለም፣

በቃል የላክህብኝን ጥያቄ ጨርቅ ነጋዴዋ አልናገርም ብላ ነበር፤ ለምኜ ነው ያስወጣኋት። «ደስ ብሏት እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብለሃታል።

ልመልስልህ። አዎ፣ ልጅ እፈልግ ነበር። ባሌ ትቶኝ የሄደው በዚያ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው ቢላውን የት እንደምትሰካው ያላጣኸው። ግን ከወንድሜ ላይ ተነጥቃ የምትሰጠኝን ልጅ ፈልጌ አላውቅም። ደስ አላለኝም። ሰው አይደለሁም እንዴ?

በቃ፣ ይህን ጨርሻለሁ። ከዚህ በላይ አልቀየምህም፤ ብቀየምህ ማን አለኝ?

ቀጥሎ ያለውን ግን ስማ። ሁለቱ ሰዎች ትምህርት ቤት ሄደው ነበር። ርዕሰ መምህሯ ቢሮዋን ለቃላቸው መርፌን ብቻዋን አነጋገሯት። ከረሜላ ሰጥተዋታል። አባትሽ ይጽፋል ወይ? ምን ይላል? ይመጣል ወይ? ምን እንዳለቻቸው ብጠይቃት ከረሜላውን ሳትልጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ብዙ አላወራሁም» አለችኝ። ያቺ ልጅ ብዙ አላወራሁም ስትል አስበው። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ፎቶህን አውርዳ ቁርጥራጭ ጨርቅ የምናስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከታ ስመለስ አገኘኋት። ለምን ስላት «አቧራ እየያዘው ነው» አለች። ምንም አልነገርናትም እኮ፤ ከእኛ ቀድማ ገብቷታል።

ርዕሰ መምህሯም ጠርታኝ የሰኔ ፈተና መመዝገቢያ ሲደርስ የልጅቷ ጉዳይ እልባት ማግኘት አለበት ብላኛለች። በትህትና ነው የነገረችኝ። ሁሉም በትህትና ነው የሚነግሩኝ።

ፈርም አልልህም። የሰማሁትን ነገርኩህ። ድንበር ላይ ብትሞት ግን ሬሳህን የማነሳው እኔ ነኝ፣ አገር የሌላት ደግሞ እሷ ናት፤ ይህን እወቅልኝ።

እህትህ

ጥር 30 ቀን

እትዬ፣

ፈርሜያለሁ።

ያን ደብዳቤ አቃጥዪልኝ። እንደዚያ ብሎ የጻፈው እጅ የእኔ መሆኑን ሳስብ መቀስ መያዝ ያስጠላኛል። አንቺን ለመውጋት ቦታ የፈለግኩት ሌሎቹ ስለማይደረሱ ነው። ይቅር በይኝ አልልም፤ ይቅር እንዳልሽኝ አውቃለሁ፣ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

«እንዴት ደረስክ?» ማለትሽ አይቀርም፤ ተኳሹ ኮቱንና ኮፍያውን አውሶኝ በጠዋት ከሠራተኞች ጋር ተቀላቅዬ ወጣሁ። ማንም አላየኝም። ጸሐፊው ፊቱን ቀና ሲያደርግ ግን ወዲያው አወቀኝ፤ ወረቀቱን ሞልቼ ሳልጨርስ ለምን እንደመጣሁ ገባው። ደስ አለው መሰለኝ። አንድ ሰው በራሱ እጅ ሥራ ሲያቀልልሽ ደስ ይላል።

ጥያቄዎች አሉ፤ ሕጉ ነው አለ። ይህን የምታደርገው ተገደህ ነው? ወደፊት ልጅቷን መልሰህ የመጠየቅ ሐሳብ አለህ? አንገቴን ነቀነቅኩ። «በቃል በል» አለኝ። በቃል አልኩ። ምን እንዳልኩ አልጽፍልሽም፤ እሷም አንድ ቀን ብትጠይቅሽ አታውቂውም፣ ስለዚህ አትዋሺም።

ከዚያ ቀና ብሎ «ልጅቷን እንዲህ በቀላሉ ትሰጣለህ?» አለኝ። ሰው ሆኖ ነው የጠየቀኝ፣ ለወረቀቱ አይደለም። ልገድለው ፈለግኩ። «አክስቷ ከእኔ ትሻላታለች» አልኩና ብዕሩን መለስኩለት።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ በእግሬ ሄድኩ። ቢይዙኝ ግድ አልነበረኝም። አልያዙኝም።

ለመርፌ ንገሪያት፤ እንዴት እንደሆነችም ጻፊልኝ። እኔ እንደምላት አድርገሽ ሳይሆን አንቺ እንደሚመችሽ አድርገሽ ንገሪያት። ካለቀሰች አታባብያት፤ ስትባበል ይብስባታል። ጀርባዋን ብቻ እሺ።

ወንድምሽ

መጋቢት 11 ቀን

ወንድምዓለም፣

ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ተከተሉ። ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን አጸደቀ፤ ዳኛው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። ቀጥሎ የአንተ ውሳኔ ወጣ። ጠበቃው ነው ያነበበልኝ፤ አጭር ነው። በሁለተኛው ምክንያት ይላል። በጥቂት ቀን ነው የቀደምናቸው። አንተ ከአሁን በኋላ የማንም አይደለህም፣ እሷ ግን የእኔ ናት፤ ደህና ናት። ይህን ስጽፍልህ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላውቅም፣ ሁለቱንም እያደረግኩ ነው።

«እንዴት ሆነች?» ላልከኝ፣ የሆነውን ልንገርህ። ቢሮው ጠራን። ረጅሙና ዝምተኛው፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ አንዲት ሴት ነበረች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የአምስታችን ጉልበት ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሴትዮዋ ያን ፎቶ መርፌ ፊት አስቀመጠችው። የኮሎኔሉን ኮት ለብሰህ የተነሳኸውን።

«ይሄ ማን ነው?» አለቻት።

መርፌ ፎቶውን አነሳችው። ደህና አድርጋ አየችው፣ እንደማታውቀው ሰው። «አጎቴ ነው። የእናቴ ወንድም» አለች፣ በእጇ ወደ እኔ እያመለከተች።

«አባትሽ ነው ብለሽ ነበር እኮ» አላት ረጅሙ።

«ያኔ ትንሽ ነበርኩ» አለችው። ስድስት ወር አልሞላውም እኮ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ሴትዮዋ ፎቶውን ወስዳ ሂዱ አለችን። ደረጃውን ስንወርድ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነበር። «በደንብ አልኩት?» አለችኝ። በደንብ አልሽው አልኳት።

ማታ በሩን ቆልፌ መብራቱን ቀነስኩና፣ እዚህ ማንም የለም፣ እዚህ አባዬ ብትይው ማንም አይሰማሽም አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ቤት ካልኩት ውጪ ያመልጠኛል» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ብላው አታውቅም። እኔን እማዬ ትለኛለች።

ጨርቅ ነጋዴዋ ይህ የመጨረሻዋ ነው። ድንበሩ ላይ ፈትሸዋት ፈርታለች፤ አልፈርድባትም። ከእንግዲህ የምንጻጻፈው በፖስታ ነው፤ ፖስታውን ደግሞ ማን እንደሚከፍተው ታውቃለህ። መርፌ ልትጽፍልህ ትፈልጋለች። ተይ ብላት «ሰው ለአጎቱ አይጽፍም እንዴ? ባልጽፍ ነው የሚገርማቸው» አለችኝ። ትክክሏን ነው። እንግዲህ ስትመልስላት እንደሚሆነው አድርገህ መልስላት።

እህትህ

ሚያዝያ 2 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ለመርፌ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ በጣም ደስ ብሎኛል። የእጅ ጽሑፍሽ አምሯል፣ መስመሩም አይዛነፍም። ለሰኔው ፈተና መመዝገብሽን ስሰማ ኮራሁብሽ። ሒሳብ ላይ አትቸኩዪ፤ መልሱን ካገኘሽ በኋላ አንዴ መልሰሽ እዪው። እናትሽን በሥራ አግዢያት፣ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ መርፌ ላይ ክር የምታስገቢላት አንቺ ሁኚ።

እንደምን ነህ ላልሽኝ ደህና ነኝ። ክፍሌ ሞቃት ናት። ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ዳቦ ሁሉ ያመጡልኛል። ሥራም አለ።

መቼ ትመጣለህ ላልሽኝ፣ ሥራ ስለሚበዛብኝ ለጊዜው አልችልም። አትጠብቁኝ።

ቁመትሽ ስንት እንደደረሰ ጽፈሽልኛል። ይህን ያህል ታድጋለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሌላ ጊዜም ጻፊልኝ፣ የአጎትሽን ነገር እንዳትረሺ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጆች አሉህ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የቤተሰብ ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። መርፌ፣ የለኝም። ልጅ የለኝም።

አጎትሽ